ማሽኑ «አፕሩቭድ» አለ ማለት ገንዘቡ የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም

ደንበኛው ካርዱን ሰጠ፣ ማሽኑ «አፕሩቭድ» አለ፣ ደረሰኙ ወጣ፣ ዕቃው ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ገንዘቡም አካውንታችሁ ውስጥ ገባ። አለቀ?

አላለቀም። ከሁለት ወር በኋላ ያው ገንዘብ ከአካውንታችሁ ሊቀነስ ይችላል። የእናንተ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የሸጣችሁት ዕቃ አይመለስም፣ በላዩ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ትጠየቃላችሁ።

ይህ ነገር ቻርጅባክ ይባላል። የካርዱ ባለቤት ባንኩ ጋ ሄዶ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ወይም «የከፈልኩበትን አላገኘሁም» ሲል ገንዘቡ ከነጋዴው ተመልሶ የሚወሰድበት ሥርዓት ነው።

ነገሩ የሚመለከተው ማንን ነው? ሀገር ቤት ገስት ሃውስ የከፈቱ፣ መኪና የሚያከራዩ፣ በአስጎብኚነት የሚሠሩና ከውጭ እንግዳ ቪዛና ማስተርካርድ የሚቀበሉ ወጣቶችን ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሆነው ቡና፣ በርበሬና የሐበሻ ልብስ በኢንተርኔት የሚሸጡትን፣ ሬስቶራንትና የድግስ ምግብ ሥራ ያላቸውን ወገኖቻችንንም ይመለከታል። ዛሬ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራና ነጋዴ ራሱን በምን እንደሚከላከል እናያለን።

■ ከቴሌብር በምን ይለያል?

አብዛኞቻችን የለመድነው የስልክ ዝውውርን ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብርም ይሁን በባንክ አፕ፣ ገንዘቡን የሚልከው ከፋዩ ራሱ ነው። በራሱ ስልክ፣ በራሱ የሚስጥር ቁጥር። ብሩ በእውነት ከገባ በኋላ እንደዋዛ ተመልሶ አይሄድም።

ስለዚህ እዚህ ላይ አጭበርባሪው የሚሞክረው ያልገባውን ብር የገባ ማስመሰል ነው። የተቀነባበረ ስክሪንሾት ያሳያል፣ ከባንክ የመጣ የሚመስል ቴክስት ይልካል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የደንበኛውን ስልክ ማየት ትታችሁ የራሳችሁን አካውንት ማየት። ካልገባ አልገባም፣ ዕቃው አይወጣም።

ካርድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከደንበኛው አካውንት ገንዘቡን የሚስበው ነጋዴው ነው። ስለዚህ የካርዱ ባለቤት «ያለፈቃዴ ነው የተሳበው» ብሎ የመከራከር መብት ተሰጥቶታል። አሜሪካ ውስጥ ይህ መብት በሕግ የተደነገገ ነው፤ ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የሚባለው ሕግ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ቪዛና ማስተርካርድም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በእነሱ ደንብ ለብዙ ዓይነት ቅሬታዎች ደንበኛው እስከ 120 ቀን ጊዜ አለው። አራት ወር ማለት ነው!

በአጭሩ፦ በስልክ ዝውውር አደጋው ያለው ዕቃውን ከመስጠታችሁ በፊት ነው። በካርድ ግን ሸጣችሁ፣ ገንዘቡን ተቀብላችሁ፣ ነገሩን ከረሳችሁት በኋላም ይመጣል። ያን ቀን የሚያድናችሁ በሽያጩ ዕለት የያዛችሁት ማስረጃ ነው።

■ «አፕሩቭድ» ታዲያ ምን ማለት ነው?

ካርዱ ማሽን ውስጥ ሲገባ ወይም ቁጥሩ ድረ ገጽ ላይ ሲጻፍ፣ ጥያቄው በሰከንዶች ውስጥ ካርዱን ወዳወጣው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ የሚያየው ካርዱ እየሠራ መሆኑን፣ ተሰርቋል ተብሎ አለመዘጋቱንና በቂ ገንዘብ መኖሩን ነው። እነዚህ ከተሟሉና ሌላ የሚያጠራጥር ነገር ካላየ «አፕሩቭድ» ይላል።

የካርዱ ቁጥር በማን እጅ እንዳለ ግን ባንኩ በርቀት ሆኖ በእርግጠኝነት ማወቅ አይችልም። ባለቤቱ መሰረቁን ገና ካላወቀ፣ የተሰረቀ ካርድም «አፕሩቭድ» ይላል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

■ ኪሳራው ከምታስቡት በላይ ነው

በቀላል ቁጥር እንየው። 100 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ አላችሁ እንበል። እናንተ በ80 ነው ያመጣችሁት፣ ትርፋችሁ 20 ነው።

ቻርጅባክ መጣ። 100ው ዶላር ሄደ። ዕቃውም ስለሌለ ያወጣችሁት 80 ዶላር ከሰረ። ባንካችሁ ወይም የክፍያ ድርጅታችሁ ለጉዳዩ 20 ዶላር አስከፈላችሁ እንበል። በድምሩ 100 ዶላር ከኪሳችሁ ወጣ። ይህን ለመሸፈን ተመሳሳይ ዕቃ 5 ጊዜ መሸጥ አለባችሁ። ያውም ትርፍ ለማግኘት ሳይሆን ዜሮ ላይ ለመድረስ!

ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ ስማችሁ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ የእያንዳንዱን ነጋዴ የቅሬታ ብዛት ይከታተላሉ። ቁጥሩ ከመጠን ሲያልፍ ባንኩ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ውሉ የተቋረጠበት ነጋዴ ማች በሚባለው የማስተርካርድ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መዝገቡ ላይ ለ5 ዓመት ይቆያል፤ አዲስ ባንክ ውል ከመስጠቱ በፊት የሚያየውም ይህንኑ ነው። ለአንድ ትንሽ ሱቅ 5 ዓመት ካርድ ለመቀበል መቸገር ማለት ሥራውን ከመዝጋት ብዙም አይለይም።

■ ሦስት ዓይነት ቅሬታዎች

ሁሉም ቻርጅባክ ሌብነት አይደለም። መለየቱ ይጠቅማል፣ መከላከያቸው የተለያየ ስለሆነ።

1ኛ፦ እውነተኛ ስርቆት። የካርዱ ቁጥር ተሰርቆ ሌላ ሰው ገዝቶበታል። ባለቤቱም እንደ እናንተው ተጎጂ ነው።

2ኛ፦ የነጋዴው ክፍተት። ዕቃው ዘግይቷል፣ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፣ ወይም «እንመልሳለን» ተብሎ ሳይመለስ ሳምንታት አልፈዋል። ደንበኛው ደውሎ የሚያነሳለት ሲያጣ ባንኩ ጋ ሄዷል።

3ኛ፦ ገዝቶ መካድ። ራሱ አዟል፣ ራሱ ተቀብሏል፣ ከዚያ «አላውቀውም» ይላል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ነው። አንዳንዱ ግን በሐቅ ረስቶት ነው፤ የባንክ ዝርዝሩን ሲያይ የማያውቀው የድርጅት ስም ተጽፎ ያገኛል። የሱቁ ስም ምልክቱ ላይ ሌላ፣ ንግድ ምዝገባው ላይ ሌላ ከሆነ ደንበኛው በምን ያውቃል?

■ አጭበርባሪዎች በብዛት የሚመጡባቸው መንገዶች

• «ትርፉን ላኩልኝ»፦ ለገስት ሃውስ፣ ለአስጎብኚና ለድግስ ምግብ አቅራቢ የሚመጣ የታወቀ ዘዴ ነው። በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ አንድ ሰው ለብዙ እንግዶች ቦታ ይይዛል። ስለ ዋጋ አይከራከርም። ከዚያ «ሾፌሩ ካርድ አይቀበልም፤ ከካርዴ 3,000 ዶላር ቁረጡ፣ የእናንተን 2,000 ውሰዱና 1,000ውን ለእሱ በጥሬ ገንዘብ ወይም በሐዋላ ላኩለት» ይላል። ካርዱ የተሰረቀ ነው፣ «ሾፌሩም» ራሱ ሌባው ነው። ቻርጅባኩ ሲመጣ 3,000ው ሙሉ ይወሰዳል፤ የላካችሁት 1,000 ግን አይመለስም። እንግዶቹም የሉም።

• የካርድ ሙከራ፦ ድረ ገጻችሁ ላይ በድንገት ብዙ የ1 እና የ2 ዶላር ክፍያዎች ይመጣሉ፣ አብዛኞቹም ውድቅ ይሆናሉ። ሌባው የሰረቃቸውን ቁጥሮች የትኛው እንደሚሠራ በእናንተ ሱቅ እየሞከረ ነው።

• የጥድፊያ ትልቅ ትዕዛዝ፦ አዲስ ደንበኛ፣ ከወትሮው በጣም የበዛ ዕቃ፣ «ዛሬውኑ ላኩልኝ» የሚል ልመና። የመጀመሪያው ካርድ ሲከለከል ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ይሞክራል። ከከፈለ በኋላ ደግሞ የመላኪያ አድራሻው እንዲቀየር ይጠይቃል።

• «ቺፑ አይሠራም»፦ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ቁጥሩን በእጅህ አስገባው» የሚል ሰው። ለምን አደገኛ እንደሆነ ቀጥለን እናያለን።

■ ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከመሸጣችሁ በፊት

በአካል ለሚከፍል ደንበኛ፦

ቺፑን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ አለ። አስመስለው በተሠሩ ካርዶች ለሚደርስ ኪሳራ ኃላፊነቱ የቺፕ ቴክኖሎጂን ባልተጠቀመው ወገን ላይ ያርፋል። ካርዱ ቺፕ ያለው ሆኖ በጥቁሩ መስመር ከጎተታችሁት ኪሳራው ወደ እናንተ ይመጣል። በቺፑ ከተነበበ ግን ኪሳራው ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው። ቁጥሩን በእጅ ማስገባትም ማስረጃችሁን ያሳጣችኋል፤ ካርዱ እፊታችሁ እንደነበረ በምን ታሳያላችሁ? ቺፑ እምቢ ካለ ሌላ ካርድ ወይም ጥሬ ገንዘብ ጠይቁ።

በኢንተርኔት ለሚከፍል ደንበኛ፦

ሦስቱን ከኋላ ያሉ ቁጥሮች ጠይቁ። አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ውስጥ ላሉ ካርዶች ደግሞ የአድራሻ ማመሳከሪያውን አብሩ። ደንበኛው የጻፈው የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ባንኩ ጋ ካለው ጋር መግጠም አለመግጠሙን ይነግራችኋል።

ስሪ ዲ ሴኪዩር የሚባለውንም አስከፍቱ። ደንበኛው ሊከፍል ሲል ከባንኩ ኮድ የሚመጣለት ወይም በባንኩ አፕ እንዲያረጋግጥ የሚጠየቀው በዚህ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ በዚህ መንገድ በተረጋገጠ ክፍያ ላይ «እኔ አልከፈልኩም» የሚል ቅሬታ ቢመጣ ኪሳራው ብዙውን ጊዜ ወደ ደንበኛው ባንክ ይዞራል። ልብ በሉ፣ «ዕቃው አልደረሰኝም» ለሚል ቅሬታ ግን አይሠራም። ለዚያ የማድረሻ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በስልክ ለሚያዝ ደንበኛ፦

ይህ በተለይ ውጭ ላሉ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ምግብ ሲታዘዝ «የእኛ ሰው ነው» ተብሎ የካርድ ቁጥር በስልክ ይነበባል፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ፊርማ የለ፣ ውል የለ። ይሉኝታ ቻርጅባክን አይመልስም! ቁጥሩን መቀበል ትታችሁ የክፍያ ሊንክ ላኩለት፣ በራሱ ስልክ ይክፈል። ምን እንዳዘዘ፣ ለስንት ሰው፣ ለመቼ፣ ቢሰርዝ ምን ያህል እንደሚመለስለት ቴክስት አድርጉለትና «እሺ» ብሎ ይመልስላችሁ። አንድ «እሺ» ነገ ማስረጃ ነው።

ለሁሉም፦

• ገንዘብ የምትመልሱ ከሆነ በከፈለበት ካርድ ላይ ብቻ መልሱ። በሐዋላ፣ በሌላ ካርድ፣ በሦስተኛ ሰው ስም ፈጽሞ!

• የካርድ ፎቶ አትቀበሉ። «የካርድህን ፊትና ጀርባ አንስተህ በዋትስአፕ ላክልኝ» ማለት የተለመደበት ቦታ አለ። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የካርድ ደኅንነት ደረጃ፣ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ሦስቱን ቁጥሮች ማስቀመጥን ለነጋዴ ይከለክላል። ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ቢጠለፍ የደንበኞቻችሁ ካርድ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

• የስረዛና የመመለሻ ደንባችሁን ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት እንዲያየው አድርጉ። ከከፈለ በኋላ የተላከለት ወይም ድረ ገጹ ጥግ ላይ የተደበቀ ደንብ ክርክር ላይ ብዙም አያግዝም።

• ዕቃ ስትልኩ የመከታተያ ቁጥር ይኑረው። ዋጋው ከፍ ካለ ተቀባዩ ይፈርም።

• ስልክና ቻት ቶሎ መልሱ። ቅሬታ ያለው ደንበኛ መጀመሪያ የሚፈልገው እናንተን ነው። ባንኩ ጋ ከመሄዱ በፊት 30 ዶላር መመለስ ከቻርጅባክ ይረክሳል።

■ ቅሬታው መጣ፤ አሁንስ?

መጀመሪያ፦ አትደንግጡ፣ ግን ዝምም አትበሉ። ማሳወቂያው ላይ የመልስ መስጫ ቀን አለ። ያ ቀን ካለፈ እውነቱ ከእናንተ ጋር ቢሆንም ተሸንፋችኋል።

ሁለተኛ፦ ምክንያቱን አንብቡ። «ዕቃ አልደረሰኝም» ካለ የማድረሻ ማስረጃ ላኩ። «እኔ አልከፈልኩም» ካለ የቺፕ ደረሰኝ፣ የስሪ ዲ ሴኪዩር ማረጋገጫ፣ አብሮት የነበረ ቻት ላኩ። «ሰርዤ ነበር» ካለ ያየውን የስረዛ ደንብና የተሰረዘበትን ቀን አሳዩ። ለገስት ሃውስ ደግሞ እንግዳው ሲገባ የፈረመበት የመመዝገቢያ ቅጽ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ያልተጠየቀ 20 ገጽ ከመላክ የተጠየቀውን 3 ገጽ መላክ ይሻላል። ጉዳዩን የሚያየው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ «ሐቀኛ ነን» የሚል ረጅም ደብዳቤ አይመዝንለትም።

ሦስተኛ፦ የድሮ ደንበኛ ከሆነ ታሪኩን ፈልጉ። ቪዛ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አልከፈልኩም» ለሚሉ የኢንተርኔት ግዢዎች አንድ መንገድ ከፍቷል። ደንበኛው ከ120 እስከ 365 ቀን በፊት በዚያው ካርድ ከእናንተ ሁለት ጊዜ ገዝቶ ቅሬታ ካላቀረበ፣ የዚያ ጊዜው የኢንተርኔት አድራሻ ወይም የስልኩ መለያ ከአሁኑ ጋር ከገጠመ፣ እንዲሁም እንደ መላኪያ አድራሻ ያለ ሌላ አንድ መረጃ ከገጠመ ነጋዴውን ይደግፋል። ለዚህ ነው የትዕዛዝ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት መያዝ የሚያዋጣው።

አራተኛ፦ ቅሬታው ክፍት እያለ ለብቻችሁ ገንዘቡን አትመልሱ። ቻርጅባኩም ወስዶ፣ እናንተም መልሳችሁ ሁለት ጊዜ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ባንካችሁን ወይም የክፍያ ድርጅታችሁን አናግሩ።

አምስተኛ፦ የማታሸንፉትን እወቁ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ፣ ወይም ካርዱ በእውነት ተሰርቆ እናንተም መከላከያ ካልነበራችሁ፣ ተቀብሎ ማለፍ ጊዜ ይቆጥባል። ያን ጊዜ ቀዳዳውን ለመድፈን ተጠቀሙበት።

■ ዛሬ ማታ የምትሠሩት

ካርድ የምትቀበሉ ከሆነ ይህን ሞክሩ፦ ከራሳችሁ ሱቅ፣ በራሳችሁ ካርድ ትንሽ ነገር ግዙ። ከዚያ የባንክ አፓችሁን ከፍታችሁ ክፍያው በምን ስም እንደተመዘገበ እዩ። ደንበኞቻችሁ ሱቃችሁን የሚጠሩበት ስም ነው? ካልሆነ ነገ ጠዋት ማሽኑን ለሰጣችሁ ባንክ ወይም ለክፍያ ድርጅታችሁ ደውላችሁ አስቀይሩ። ገንዘብ አይጠይቅም ወይም ጥቂት ነው፤ ረስተው የሚክዱትን ግን ይቀንስላችኋል።

ካርድ የማትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ገስት ሃውስ ያለው፣ ቡና የሚልክ ወይም የድግስ ምግብ የሚሠራ የምታውቁት ሰው አይጠፋም። ሼር አድርጉለት። «ትርፉን ላኩልኝ» የሚለው ኢሜይል ነገ እሱ ጋ ሊደርስ ይችላል።